ከበረሃ ለሚመጣ ሰው አንድ እግር ስንት ጉዞ ይፈልጋል?

ከአፋር ቆላ ተነስቶ ሰው ሠራሽ እግር ሊያሠራ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው አንድ ጊዜ ነው። ዘመድ የሚያዋጣው ለአንድ ጉዞ ነው፤ መኪና የሚለመነው ለአንድ ጉዞ ነው፤ የድጋፍ ደብዳቤውም የሚጻፈው ለአንድ ጉዞ ነው። እግሩ ግን በአንድ ጉዞ አያልቅም። የመጀመሪያው ሶኬት፣ ማለትም ከተቆረጠው እግር የተረፈው የሚገባበት ቀፎ፣ በወራት ውስጥ ይሰፋበታል፣ ማሰሪያው ይሳሳል፣ ብሎኑ ይላላል። ያኔ ባለቤቱ ከሠራለት ወርክሾፕ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ነው ያለው። ቀስ በቀስ እግሩ የጎጆው ጥግ ላይ ይቀመጥና ሰውየው ወደ ክራንቹ፣ ሁለቱንም እግር ያጣው ደግሞ ወደ መዳፉ ይመለሳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው እግሩ በደንብ ስላልተሠራ ብቻ አይደለም። ጉዞው ከመጀመሪያው በትክክል ስላልተቆጠረ ነው።

ችግሩ የጥቂት ሰዎች አይደለም። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በቆየው ጦርነት የአፋር ወረዳዎችም የጦር ሜዳ ነበሩ፤ ያልፈነዱ ተተኳሾች በግጦሽ መሬት ላይ ቀርተዋል። በጅቡቲ መስመር የሚደርሰው የከባድ መኪና አደጋ አለ። ስኳር በሽታ አለ። በወጌሻ እጅ ከልክ በላይ ጠብቆ ታስሮ ደም ያጣና የሞተ እግርም አለ፤ ይህኛው በቀላሉ ሊቀር ይችል የነበረ በመሆኑ ከሁሉ በላይ ያንገበግባል። ከአንዱ ወይም ከሌላው ምክንያት በኋላ የሚቀረው ሰው ከብት ጠባቂ ነው፣ ጨው ጫኝ ነው፣ ውኃ ቀጂ እናት ናት። በእነዚህ ሥራዎች ሁሉ መራመድ ማለት መብላት ማለት ነው።

አዲስ አበባ መምጣት የግድ ነው ወይ?

ከሁሉ በፊት መመለስ ያለበት ይህ ነው። በአገሪቱ ሰው ሠራሽ አካል የሚሠራው አዲስ አበባ ብቻ አይደለም። መቀሌና ደሴ ማዕከላት አሏቸው፤ ባሕር ዳር፣ አሰላና አርባ ምንጭም እንዲሁ። ለአብአላና ለበርሃሌ ሰው ቅርቡ መቀሌ ነው። ጦርነቱ ያንን መንገድ ዘግቶት በነበረ ጊዜ ሁሉም ሰው ወደ ደቡብ ዞሮ መሄድ ለመደ፤ መንገዱ ከተከፈተ በኋላም ልማዱ አልተለወጠም። ከሎጊያና ከሚሌ ለሚነሳ ደግሞ በባቲና በኮምቦልቻ በኩል ደሴ መውጣት ከአዲስ አበባው ርቀት ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ መንገዱም አስፋልት ነው።

ሰዎች ግን ይህን አልፈው ወደ መሀል አዲስ አበባ ይመጣሉ። አንዳንዱ ቀዶ ጥገናው ጥቁር አንበሳ ስለተሠራለት ክትትሉም እዚያው አካባቢ ይሆናል ብሎ ያስባል። ሌላው የሚያስጠጋው ዘመድ ያለው እዚህ ነው። ብዙው ደግሞ ዋና ከተማ ሁሉ ነገር አለ ብሎ ነው። ከጉልበት በታች አንድ እግር ላጣ ሰው የቅርቡ ማዕከል ይበቃል፤ ያውም ይሻላል፤ ምክንያቱም መመለሱ ስለማይቀር። አዲስ አበባ መምጣት ሊያስፈልገው የሚችለው ሁለት እግር ለተቆረጠ፣ ከጉልበት በላይ ለተቆረጠ፣ አጥንቱ ድጋሚ ቀዶ ጥገና ለሚፈልግ ወይም የቅርቡ ማዕከል የሰው ሠራሽ እግር ዕቃ ላለቀበት ሰው ነው። ከመነሳት በፊት ወደ ማዕከሉ ስልክ ተደውሎ ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ በታካሚው የመቆረጥ ደረጃ የሚሠራ የእግር ዕቃ በመጋዘን አለ ወይ? ወረፋው ስንት ሳምንት ነው? ማደሪያ አለው ወይ? ይህ ስልክ ሳይደወል ተመጥቶ ‹‹ዕቃ የለም፣ ከሁለት ወር በኋላ ኑ›› የተባለ ሰው ሁለተኛ የሚመጣበት ገንዘብ አይኖረውም።

ቀሪው እግር ሳይደርስ መንገድ አይገባም

ቀሪው እግር፣ ማለትም ከተቆረጠው እግር የተረፈው ጉቶ፣ ለሶኬት የሚደርሰው ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅና እብጠቱ ሲረጋ ነው። ቁስሉ ንጹሕ ከሆነ ይህ ብዙ ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይወስዳል። መርጋቱን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። የልብስ ሰፊ ሜትር ተይዞ፣ ከጉልበት ሎሚ በታች በ5፣ በ10 እና በ15 ሴንቲ ሜትር ላይ ዙሪያው በየሳምንቱ በተመሳሳይ ሰዓት ይለካና ይጻፋል። በሁለት ተከታታይ ሳምንት ልዩነቱ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ካነሰ ጉዞው ይታሰብ። የወረዳው ጤና ጣቢያ ነርስ ይህንን በስልክ ልታስተላልፍ ትችላለች። አንድ ሜትርና አንድ ስልክ የአንድ ባዶ ጉዞ ወጪ ያድናሉ።

በእነዚህ ሳምንታት ፋሻ ወሳኝ ነው። ከጉልበት በታች ለተቆረጠ ስፋቱ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ከጉልበት በላይ ለተቆረጠ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ላስቲክ ፋሻ ሰያፍ እየተደረገ፣ እየተጠላለፈ ይታሰራል። ጫፉ ላይ ጠበቅ፣ ወደ ላይ ላላ ይላል። ክብ ክብ እየተደረገ ከታሰረ ግን ደም ያንቃል፤ ከታሰረበትም በታች ያለው ያብጣል። በቀን ቢያንስ አራት ጊዜ ተፈቶ እንደገና መታሰር አለበት፤ ሁለት ፋሻ የሚያስፈልገው አንዱ ሲታጠብ ሌላው እንዲታሰር ነው።

ሌላው የጉልበት ነገር ነው። የተቆረጠ እግር ያለው ሰው ቁጭ ብሎ ይውላል፤ ሲተኛም ከጉልበቱ ሥር ትራስ ይደረግለታል። በርኅራኄ የሚደረገው ይህ ትራስ ጉልበቱን አጥፎ ያስቀረዋል። ጉልበቱ 25 ወይም 30 ዲግሪ ታጥፎ ከቀረ መደበኛውን እግር መግጠም አይቻልም፤ ሶኬቱ ወደ ኋላ ይወጣል፣ ሰውየውም ጎንበስ ብሎ ነው የሚቆመው። ከጉልበት በላይ ለተቆረጠው ደግሞ ዳሌው ይታጠፋል። መድኃኒቱ ነጻ ነው፦ በቀን ሦስት ጊዜ ለ20 ደቂቃ በሆድ መተኛት። ይህንን የሚነግረው ሰው ካላገኘ ግን ታካሚው አዲስ አበባ ሲደርስ የሚጠብቀው እግር ሳይሆን የሳምንታት ፊዚዮቴራፒ ነው።

ኮሮኮንቹ

ከዋናው የጅቡቲ መስመር ውጭ ያሉት ቀበሌዎች በአሸዋ፣ በደረቅ ወንዝ አፍና በጥቁር እሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው የሚገናኙት። ጉዞው ከኅዳር እስከ የካቲት ቢሆን ይመረጣል፤ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ባለው ሙቀት የግድ ካልሆነ አይሞከርም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቶ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ዋናውን ኮሮኮንች መጨረስ ለሞተሩም ለሰውየውም ይበጃል።

ላንድክሩዘሩ ሁለት ስኮርታ፣ ከሥሩ የሚነጠፍ ጠፍጣፋ ጣውላ ያለው ክሪክ፣ የንፋስ መሙያና የንፋስ መለኪያ፣ አካፋ፣ ለአንድ ሰው በቀን 8 ሊትር ውኃና ለራዲያተር ሌላ 20 ሊትር ይያዝ። ጣውላው የሌለው ክሪክ አሸዋ ላይ ራሱ ይሰምጣል። ለስላሳ አሸዋ ላይ ጎማው ከ36 ፒ ኤስ አይ ወደ 18 ወይም 20 ይወርዳል፤ ድንጋዩ ሲጀምር ሳይነፋ ከተነዳ ግን የጎማው ጎን ይቀደዳል፤ ለዚያ ደግሞ ጎሚስታ በቅርብ የለም። ኮሮኮንች ላይ ብዙ ሾፌር የሚሰብረው ባሌስትራ ነው፤ የሚሰበረውም ከጭነት ብዛት ነው። በሽተኛ ሊወስድ የወጣ መኪና ላይ ከረጢት ጨውና ፍየል መጫን የተለመደ ነው፤ በዚህ ጉዞ ግን መከልከል አለበት።

ስለ መኪናው የሚያውቅ ብዙ ነው። ስለ ተሳፋሪው የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። እግር ያለው ሰው መኪና ሲያንገላታው ሳያውቀው በእግሩ ወለሉን ይገፋል፤ ሚዛኑን የሚጠብቀው በእርሱ ነው። ሁለት እግር የሌለው ሰው ይህ የለውም። ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ሲታጠፍ ይወድቃል፤ ቀሪው እግር ከዳሽቦርድ ወይም ከብረት ጋር ይጋጫል። ገና የደረቀ ጠባሳ በአንድ ግጭት ይከፈታል። ስለዚህ ቦታው የፊት ወንበር ነው፤ በትከሻም በወገብም የሚያልፍ ቀበቶ ይታሰርለታል፤ በሁለቱም ጎን የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ይደረጋል፤ ከሥሩ ስምንት ወይም አስር ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ ይነጠፋል። ከፒክአፕ ኋላ ወይም ከአይሱዙ ጭነት ላይ መጓዝ ለእርሱ አደጋ ነው። በየ20 ደቂቃው በእጁ ተደግፎ መቀመጫውን ለጥቂት ሰከንድ ያንሳ፤ አለበለዚያ መቀመጫ አጥንቱ ላይ የሚወጣው ቁስል እግሩን ከመልበስ ለወራት ያግደዋል። ከጉልበት በታች ለተቆረጠ ደግሞ ቀሪው እግር ቀጥ ብሎ የሚያርፍበት ሰሌዳ ከወንበሩ ፊት ይዘጋጅ፤ አስር ሰዓት ታጥፎ መንጠልጠል ያሳብጠዋል።

የማይነገር ሌላ ነገር አለ። ወርዶ ለመጸዳዳት ሰው ተሸክሞት ስለሚሄድ፣ በተለይ ሴት ከሆነች፣ ተጓዡ ሆን ብሎ ውኃ አይጠጣም። በ40 ዲግሪ ሙቀት ይህ ራስን እስከ መሳት ያደርሳል። መፍትሔው ፖፖ፣ መጋረጃ የሚሆን ነጠላ እና ሴት ለሆነች ሴት አጃቢ ነው። አጃቢው ወይም አጃቢዋ አፋርኛም አማርኛም የሚችል ቢሆን የግድ ነው፤ ሶኬቱ የት ላይ እንደሚያም በትክክል ያልተተረጎመለት ባለሙያ የሚቆርጠው የተሳሳተውን ቦታ ነው።

ከመኪና ወርዶ ወደ ጄሶ አይኬድም

ለጉዞው ብላሽነት ትልቁ ምክንያት እዚህ ላይ ነው። ዳሎል ከባሕር ጠለል በታች 120 ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ናት። ከሙቀት ወጥቶ፣ አንድ ቀን ተንጠልጥሎ የተጓዘ እግር ሲደርስ አብጧል። ወረፋ እንዳያልፍ ተብሎ በደረሰበት ማግስት ጠዋት ልኬት ከተወሰደ፣ በሦስተኛው ቀን በአዲስ አበባ ብርድ እብጠቱ ሲወርድ ሶኬቱ ሰፊ ይሆናል። ቢያንስ ሁለት ቀን በፋሻ ታስሮ ማረፍ፣ ከዚያ በሁለት የተለያዩ ቀናት መለካትና መጠኑ ሲስማማ ብቻ ጄሶ መውሰድ ያስፈልጋል።

ልኬቱ እንዲህ ነው። ቀሪው እግር ላይ ቀጭን ካልሲ ይጠለቅና ቀለሙ በማይጠፋ እርሳስ የጉልበት ሎሚ፣ ከእርሱ ሥር ያለው ጅማት፣ የቅልጥም አጥንቱ ሸንተረርና ጫፍ፣ በውጭ በኩል ያለችው ቀጭን አጥንት ራስ ምልክት ይደረግባቸዋል። ስፋቱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሁለት ወይም ሦስት ጥቅል የጄሶ ፋሻ በውኃ ነክሮ ይጠመጠማል፤ ባለሙያው ጅማቱ ላይ በሁለት አውራ ጣቱ ጫን ይላል። ሲደርቅ ይወልቃል፤ ውስጡ ጄሶ ይሞላና የእግሩ ቅጂ ይወጣል። ጥበቡ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ክብደት መሸከም የሚችለው ቦታ፣ ማለትም ጅማቱና የቅልጥሙ ሁለት ጎኖች፣ ይፋቃል፤ ክብደት የማይችለው የቀጭኗ አጥንት ራስና የቅልጥሙ ጫፍ ላይ ደግሞ ጄሶ ይጨመራል። በሦስት ሚሊ ሜትር መሳሳት በቁስልና በምቾት መካከል ያለውን ድንበር ያሻግራል።

ከዚያ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የኢ ቪ ኤ ስፖንጅ ለውስጥ ልባስ ይቀረጻል። በላዩ 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ፖሊፕሮፒሊን የሚባል የፕላስቲክ ሉህ በ180 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለ20 እስከ 25 ደቂቃ ምድጃ ውስጥ ይለሰልስና ይደረባል፤ አየር መሳቢያው (ቫኪዩም) ይመጠዋል። ምድጃው ሙቀት ላይ ሳለ መብራት ከሄደ ሉሁ ተበላሸ ማለት ነው። ይህ ዘዴ ዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ድሃ አገሮችን አስቦ ያዳበረው ሲሆን ርካሽ፣ ቀላልና ውኃ የማይጎዳው ነው። ሶኬቱ በሚስተካከሉ ክብ ዲስኮችና በቱቦ አማካይነት ከእግር መዳፉ ጋር በብሎን ይያያዛል። ከጉልበት በላይ ለተቆረጠ የጉልበት መገጣጠሚያ ይጨመራል። አሸዋና ድንጋይ ላይ ለሚኖር ሰው በነጻ ከሚታጠፈው ይልቅ ሲራመድ የሚቆለፈው፣ ሲቀመጥ በእጅ የሚከፈተው መገጣጠሚያ ይሻላል፤ አካሄዱ አያምርም፣ ግን አይጥልም።

ጫማና ስግደት

ከወርክሾፕ ወለል ላይ ልክ የነበረ እግር በረሃ ላይ ለምን ይጥላል? ብዙ ጊዜ መልሱ ጫማ ነው። ታካሚው አዲስ አበባ ሲመጣ ዘመድ ስኒከር ይገዛለታል፤ እግሩም በስኒከሩ ይስተካከላል። አገሩ ሲገባ የሚያደርገው ሸበጥ ነው። የተረከዝ ቁመት በአንድ ሴንቲ ሜትር ሲቀንስ ቅልጥሙ 3 ዲግሪ ገደማ ወደ ኋላ ይጋደላል፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቱ ወደ ኋላ ይገፋል። ተረከዙ ከፍ ካለ ደግሞ ጉልበቱ ወደ ፊት ይከዳል። ስለዚህ ታካሚው የሚለብሰውን የዕለት ሸበጥ ይዞ ይምጣ፤ ሁለቱም እግር ከተቆረጠ ቤተሰቡ በአካባቢው የሚለበሰውን ዓይነት ይዞለት ይምጣ። መስጊድ ሲገባ ጫማውን እንደሚያወልቅም ለባለሙያው ይነገር፤ በባዶ መዳፍና በሸበጥ መካከል ያለው ልዩነት በትንሹ እንዲሆን ያስተካክለዋል። መንበርከክና ቁጢጥ ማለትም እንዲሁ ነው። የሶኬቱ የኋላ ከንፈር ከፍ ብሎ ከተቆረጠ ጉልበቱ ከ90 ዲግሪ በላይ አይታጠፍም፤ ሰውየው ለሶላት አምስት ጊዜ እግሩን ያወልቃል፣ በመጨረሻም ይተወዋል። ጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ማድረግ ይህን ይፈታዋል፤ ግን መጠየቅ አለበት።

ሁለት እግር ለተቆረጠ ሰው ቁመቱ በምን ይለካል? የሚያነጻጽሩት ጤነኛ እግር የለም። ሁለቱ እጆች ተዘርግተው ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ያለው ርቀት ከድሮው ቁመት ጋር ስለሚቀራረብ በእርሱ ይሰላል፤ ከዚያ ሚዛን እንዲጠበቅ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይቀነሳል። በተለምዶ በሚጠቀሱት ልኬቶች አንድ እግር ከጉልበት በታች ያጣ ሰው ለመራመድ 25 በመቶ ገደማ፣ ሁለቱንም ከጉልበት በታች ያጣ 40 በመቶ ገደማ፣ አንዱን ከጉልበት በላይ ያጣ 65 በመቶ ገደማ ተጨማሪ ጉልበት ያወጣል። ሁለቱንም ከጉልበት በላይ ያጣው ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። ለእርሱ መገጣጠሚያ የሌላቸው አጫጭር እግሮች መጀመሪያ ይሠሩለታል። ቤተሰብ ‹‹አሳጠራችሁት›› ብሎ ይቆጣል፤ ለአሸዋና ለድንጋይ ግን ክብደቱን ወደ መሬት የሚያቀርበው ይህ ነው፤ አንዳንዱ ሰው ዕድሜ ልኩን ቢጠቀምበት የተሻለ ነው።

ልምምዱ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይወስዳል፤ ሲጀመር በቀን ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። በእያንዳንዱ ጊዜ እግሩ ተወልቆ ቆዳው ይታያል፤ ቅላቱ በአስር ደቂቃ ከጠፋ ደህና ነው፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከቆየ ሶኬቱ ይነካ። በትይዩ ብረቶች መካከል ጥሩ የሄደ ሰው ተመረቀ ማለት አይደለም። በመሀል ከተማ አዲስ የተነጠፈው የእግረኛ መንገድ ሰፊና ለስላሳ በመሆኑ ለጀማሪ ይጠቅማል፤ ዝናብ ሲመታው ግን ያንሸራትታል። ከእርሱ ቀጥሎ የሠፈር ውስጥ ኮብልስቶን፣ ከዚያ ቸርችል ጎዳና ነው። ከጥቁር አንበሳ ወደ ፒያሳ ሲወጡ ልብ ይደክማል፤ ከፒያሳ ወደ ለገሃር ሲወርዱ ግን ጉልበት ይፈተናል፤ ለሰው ሠራሽ እግር ቁልቁለት ብዙ ጊዜ ከዳገት ይከብዳል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በለገሃርና በሜክሲኮ ከመሬት ከፍ ብሎ ነው የሚሄደው፤ የጣቢያዎቹ ደረጃ ጠንካራው እግር ቀድሞ የሚወጣበት፣ ሰው ሠራሹ ቀድሞ የሚወርድበት ልምምድ ይሆናል። ያልተነጠፈ አፈርና ጠጠር ላይ ቢያንስ ሦስት ቀን ያልተለማመደ ሰው ወደ አፋር መላክ የለበትም።

እስከዚያ የት ያድራል? ማደሪያ ያለው ማዕከል ሁሉንም አይችልም። በኮሪደር ልማቱ የፒያሳና የካዛንቺስ የቆዩ ሠፈሮች ሲነሱ በዚያ አካባቢ የነበሩ ርካሽ አልጋ ቤቶችም ተነስተዋል። ከከተማው ጫፍ በሁለት ታክሲ እየተመላለሰ፣ በሚኒባስ ከፍ ያለ ደረጃ በሰው ትከሻ እየወጣና እየወረደ የሚለማመድ ሰው ልምምዱ ቦታ ሲደርስ ደክሟል። ለእግሩ የሚያዋጣ ዘመድ ሁሉ ቢያንስ የሦስት ሳምንት አልጋና ምግብ ለሁለት ሰው አብሮ ያስላ።

ሙቀቱ ውስጥ ሲገባ

አዲስ አበባ ልክ የነበረው ሶኬት ቆላ ሲወርድ ይጠብባል፤ ከወራት በኋላ ደግሞ ይሰፋል። ሁለቱም እውነት ነው። ሙቀት እግሩን ያሳብጣል፤ መራመድ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ሥጋውን እያቀለለ፣ እስከ አንድ ዓመት ተኩል ድረስ ያሳንሰዋል። ለመጀመሪያው መፍትሔ ልኬቱ ሲወሰድ አንድ ወፍራም ካልሲ ታስቦ ሶኬቱ መሠራቱ ነው፤ ቆላ ሲገባ ወፍራሙን አውልቆ ቀጭኑን ያደርጋል። ለሁለተኛው፣ ለመስፋቱ፣ ካልሲ እየጨመሩ መሄድ ይቻላል፤ ሦስት ወፍራም ካልሲ ደርቦም ጫፉ ከሶኬቱ ሥር ከመታ ግን አዲስ ሶኬት እንጂ አራተኛ ካልሲ መልስ አይሆንም።

ላቡ ጨው ሆኖ ካልሲው ላይ ይደርቅና ቆዳ ይልጣል። ካልሲ በየቀኑ ጨው በሌለው ውኃ ይታጠብ፤ ቀሪው እግር የሚታጠበው ማታ ነው፤ ጠዋት ታጥቦ ርጥብ ቆዳ ሶኬት ውስጥ ከገባ ይቆስላል። ፖሊፕሮፒሊኑን ላብ አይጎዳውም፤ እሳት አጠገብ ወይም ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ማስቀመጥ ግን ያጣምመዋል። ቀድሞ የሚያልቀው የእግር መዳፉ ነው፤ ለስላሳው ፖሊዩሪቴን ፕላስቲክ በሙቀትና በርጥበት ይሰነጠቃል። አዋቂ ሰው በተለምዶ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት፣ ልጅ ደግሞ በየስድስት ወሩ አዲስ እግር ያስፈልገዋል። የስምንት ዓመት ልጅ አንድ ጊዜ ብቻ አዲስ አበባ አምጥቶ እግር አሠርቶ መመለስ፣ ጎረቤት ሁሉ ያጨበጨበበት ቢሆንም፣ ልጁን ከግማሽ ዓመት በኋላ መልሶ ቁጭ ማድረግ ነው።

ገንዘቡና ሕጉ

የፖሊፕሮፒሊን ሉህ፣ የእግር መዳፍ፣ የጉልበት መገጣጠሚያ ከውጭ ይገባሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ፤ የእነዚህ ዕቃዎች ዋጋም በብር አብሮ ወጣ። ለረጅም ዓመታት የዘርፉ ትልቅ ደጋፊ የሆነው ዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴም በ2023 እ.ኤ.አ. የ430 ሚሊዮን የስዊዝ ፍራንክ ወጪ ቅነሳ በዓለም ደረጃ አስታውቋል። ዕቃው በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ ቢሰጥ እንኳ ትራንስፖርት፣ አልጋ፣ የአጃቢ ምግብ በቤተሰብ ላይ ነው የሚወድቀው። ቤተሰቡ ከብቱን የሚሸጠው ለዚህ ነው።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 26 የተሃድሶ አገልግሎት በገጠርም ጭምር በተቻለ መጠን ለሰዎቹ መኖሪያ ቅርብ እንዲሆን ያዛል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 ደግሞ መንግሥት ለአካል ጉዳተኞች ማቋቋሚያ አቅሙ የፈቀደውን እንዲመድብ ይላል። ይህን ለማድረግ ሠመራ ላይ ሙሉ ወርክሾፕ መጠበቅ አያስፈልግም። ሙሉ ወርክሾፕ ምድጃ፣ ቫኪዩም፣ አስተማማኝ መብራትና የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል። ከእግሩ ሥራ ግን አብዛኛው ችግር ምድጃ አይፈልግም፤ ማሰሪያ መቀየር፣ ብሎን ማጥበቅ፣ የሶኬቱን ጠርዝ መፋቅ፣ ውስጡን በስፖንጅ ማጥበብ፣ የእግር መዳፍ መተካት በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ የሠለጠነ ሰውና በአንድ የመሣሪያ ሳጥን ይሆናል። የጄሶ ልኬትም እዚያው ተወስዶ ሻጋታው ብቻ በጭነት መኪና ወደ ደሴ ሊሄድ ይችላል፤ ሻጋታ አልጋ አይከራይም፣ ኮሮኮንችም አያቆስለውም።

እስከዚያ ከአዲስ አበባ የሚመለስ ሰው ባዶ እጁን አይመለስ። ስድስት ካልሲ፣ ሦስቱ ቀጭን ሦስቱ ወፍራም፤ ሁለት ትርፍ ማሰሪያ፤ የእግር መዳፉ ብሎን ትርፍና የሚገጥመው አለን ቁልፍ፤ ብሎኑ እንዳይላላ የሚደረግበት ማጣበቂያ፤ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ 3 ሚሊ ሜትር ስፖንጅ፤ ሁለት ላስቲክ ፋሻ። ብሎኑን ማን እንደሚያጠብቅ፣ ማለትም ታካሚው ራሱ ወይም አጃቢው፣ ወርክሾፑ ውስጥ ሠርቶ አሳይቶ ይሂድ። የሪፈር ወረቀቱ ላይም አንድ ቀን ሳይሆን ሦስት ቀን ይጻፍ፦ የልኬቱ፣ ከሦስት ወር በኋላ የማስተካከያው፣ ከስድስት እስከ አስራ ሁለት ወር ባለው ጊዜ የሁለተኛው ሶኬት። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀጠሮ ደሴ ወይም መቀሌ ሊሆን ይችላል። የመጓጓዣው ወጪ ግን የሚጠየቀው ለሦስቱም በአንድ ደብዳቤ፣ መኪናው ከቀበሌው ሳይነሳ በፊት ነው።